ልጅ እግር ሳይተክል ዳሌውን ስለ ማስመርመር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ በጤና ሙያ ላይ የምንገኝ የእድሩ አባሎች ከዚህ ቀደም ስለ ወባና ስለ ደንጊ ትኩሳት መናገራችን ይታወሳል። የዛሬው ርእሳችን ግን ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ያልሰማው ነው። ይኸውም አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ፣ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ፣ የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው ጋር በደንብ ሳይገጥም የሚቀርበትን ሁኔታ የሚመለከት ነው።

ስንት በሽታ እያለ ይህን ለምን መረጡ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በዚህ ሕመም ማንም አይሞትም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የኛ እድር የሚያውቀው ጡሩንባ የተነፋለትን፣ ድንኳን የተተከለለትን ሐዘን ነው። ለዳሌ ጡሩንባ አይነፋም። ልጅቱ ታድጋለች፣ ታነክሳለች፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ቅጽል ስም ያወጡላታል፤ ወጣትነቷ ሳያልፍ ዳሌዋንና ወገቧን ሕመም ይይዛታል፤ ጀሪካን መሸከም፣ ገበያ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ልጅ ማዘል ያቅታታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሟ በእድራችን መዝገብ ላይ አንድም ቀን አይነሣም። ሆኖም ያው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢታወቅ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን፣ በማሰሪያ ብቻ ይድን ነበር። ዛሬ ለመናገር የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የዳሌን አሠራር እንመልከት። የእናቶቻችንን ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። የጭን አጥንት ራሱ ድቡልቡል ነው፤ እንደ ዘነዘና ነው እንበል። ዳሌው ላይ ደግሞ ያንን ድቡልቡል የሚቀበል ጉድጓድ አለ፤ እሱ ሙቀጫው ነው። በትልቅ ሰው ሁለቱም ጠንካራ አጥንት ናቸው። በአራስ ልጅ ግን ገና ለጋ ናቸው፤ አብዛኛው ክፍላቸው እንደ ጆሮ ቅርፊት የሚለጠጥ ልም አጥንት ነው። ታዲያ ሙቀጫው ጥልቅ ሆኖ የሚያድገው ዘነዘናው መሐሉ ላይ ተቀምጦ እየተንቀሳቀሰ ሲቀርጸው ነው። ዘነዘናው ከመሐሉ ከሸሸ፣ ወይም ከከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ሙቀጫው እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ዘነዘናው ይበልጥ ይሸሻል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ጉዳቱ በሁሉም ልጅ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዷ ጉድጓዱ ብቻ ጠለቅ አይልም፤ በሌላዋ የአጥንቱ ራስ ሲገፉት ይወጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ በሦስተኛዋ ጨርሶ ወጥቶ ከላይ በሥጋ ውስጥ ተቀምጧል። ሐኪሞች ሦስቱንም የሚያዩት እንደ አንድ ሕመም የተለያየ ደረጃ ነው።

ይህ በማን ላይ ይበረታል? ከአምስት ሕፃናት አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ለወሊድ ሲባል የእናቲቱን ጅማት የሚያላላው ሆርሞን በሴቷ ፅንስ ላይ ይበልጥ ይሠራል ተብሎ ይታመናል። በማኅፀን ውስጥ በመቀመጫዋ ሆና የቆየች ልጅ፣ በኦፕራሲዮን ብትወለድም እንኳ፣ ከሌላው የበለጠ ትጠረጠራለች። የመጀመሪያ ልጅ መሆን አንድ ምክንያት ነው፤ ማኅፀኑ ገና ስላልተለጠጠ ቦታው ይጠባልና። ወላጅ ወይም ወንድም እኅት ይህ ነገር ደርሶባቸው ከሆነም እንዲሁ። ከቀኝ ይልቅ ደግሞ ግራው ዳሌ ይበዛል። እንግዲህ የበኩር ልጅ፣ ሴት፣ በመቀመጫዋ የመጣች ከሆነች፣ ማንም ሳይነግራችሁ ዳሌዋን አስመርምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብለን ልንናገር እንወዳለን። ይህ ነገር የዓይን ጣጣ አይደለም። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ከባድ ነገር አንሥታ፣ ወይም አዋላጇ እግሩን ስባ ያመጣችው ተብሎም መደምደም አይገባም። በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት ሲነቋቆሩ፣ አማትና ምራት ሲኮራረፉ ሰምተናል። ጥፋተኛ ፍለጋ ሲዞር ጊዜው ያልፋል።

ቁጥሩን በሚመለከት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1000 ሕፃናት በ1 ወይም በ2 ላይ ጨርሶ የወጣ ዳሌ ይገኛል፤ የላላውንና ጉድጓዱ ያልጠለቀውን ከጨመርን ቁጥሩ ብዙ ነው። በኛ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ሆኖ ይታያል። ለምን? ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ እናንተ በየቀኑ የምታደርጉት ነው፤ ልጅ ማዘል። ይህን ስንነግራቸው አንዳንድ እናቶች ይስቃሉ፤ እኛ ግን የምንናገረው ከምር ነው። ልጅ በአንቀልባ ሲታዘል ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ታጥፈው የእናቱን ወገብ አቅፈው ይቀመጣሉ። በዚህ አቀማመጥ የጭኑ አጥንት ራስ ቀጥ ብሎ ወደ ሙቀጫው መሐል ይገፋል። በየርምጃውም ቀስ እያለ ይነካዋል። በማላዊ የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች በአገሩ ሕፃናት ላይ ይህ ሕመም እምብዛም አለመታየቱን አስተውለው፣ ምክንያቱ ልጅ ማዘል ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። አንቀልባም ሆነ ነጠላ፣ ሽርጥም ሆነ ጋርዶፋ፣ ዋናው ነገር ጭኑ መከፈቱ ነው። እኛ መልካ ጀብዱ ውስጥ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው ሁሉም በየራሱ ጨርቅ ያዝላል፤ በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ነን።

የዚህን ተቃራኒ ያደረጉ አገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው እንይ። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች በጥንት ልማዳቸው አራስ ልጅን በእንጨት ገበታ ላይ አጋድመው፣ እግሩን ዘርግተው ያስሩት ነበር፤ የዳሌ መውለቅም በመካከላቸው በጣም ይበዛ ነበር። ጃፓኖችም እንዲሁ የሕፃኑን እግር ቀጥ አድርገው በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐኪሞቻቸው «የሕፃን እግር ዘርግታችሁ አትጠቅልሉ» ብለው በመላው አገሪቱ ቅስቀሳ አደረጉ። ከዚያ በፊት ከ100 ሕፃናት ከ1 በላይ በሆኑት ላይ ይገኝ የነበረው ሕመም ከ1000 ወደ 2 እና 3 ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ የተለወጠው የጨርቁ አጠቃለል ብቻ ነው።

ታዲያ እናዝላለን ብለን ተዘልለን መቀመጥ የለብንም። ልጅ ጀርባ ላይ የሚወጣው አንገቱ ጠና ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት አራስ ቤት ያልፋሉ። ዳሌው በጣም ለጋ የሆነው ደግሞ በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ሰፈራችን ውስጥ በምናደርገው የአራስ ጥየቃ የምናየው ምንድን ነው? ያን ሁሉ የመልካ ጀብዱ ወበቅ ችሎ፣ ሕፃኑ ሁለት እግሩ ተጣብቆ፣ እንደ ጥጥ ፍትል ከአንገት እስከ እግር ጥፍሩ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን። ለምን ሲባል «እግሩ እንዳይወላገድ» ይባላል። አንዳንዶቹም በቅቤ ሲያሹት «ቀጥ ይበል» ብለው ጉልበቱን እየተጫኑ ወደ ታች ይስቡታል። የአራስ ልጅ እግር እኮ ታጥፎ መቆየቱ ተፈጥሮው ነው! ዘጠኝ ወር እንደዚያ ታጥፎ ነው የኖረው። በራሱ ጊዜ ይዘረጋል። ማሸቱ ይቀጥል፣ እኛ አልከለከልንም፤ መሳቡ ግን ይቅር። መጠቅለልም ካስፈለገ እጁና ደረቱ ይጠቀለል፤ ከወገብ በታች ግን እግሩን አጥፎ እንደ እንቁራሪት ከፈት የሚያደርግበት ቦታ ይተውለት።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንለፍ። የዚህ ሕመም ክፋቱ አለማሳመሙ ነው። ሕፃኗ አታለቅስም፣ አታተኩስም፣ ጡት አትተውም። ስለዚህ የሚያገኘው የፈለገው ሰው ብቻ ነው።

ማሪኖ ኦርቶላኒ የሚባል የኢጣልያ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ በፌራራ ከተማ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. አንድ ምርመራ ለዓለም አሳወቀ። የነገሩ መነሻ አንዲት እናት ልጇን ስታጥብ ከዳሌዋ አካባቢ «ቀጭ» የሚል ነገር ተሰምቷት ለሐኪሙ በመናገሯ ነው ይባላል። ሐኪሙም እናትየዋን አልናቃትም። ምርመራው እንዲህ ነው፤ ሕፃኗ በጀርባዋ ትጋደማለች፣ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ጭኗ ቀስ ተብሎ ወደ ውጭ ይከፈታል። የወጣ አጥንት ካለ ወደ ቦታው ሲመለስ መርማሪው በጣቱ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የዚህን ግልባጭ ጨመረበት፤ በቦታው ያለውን አጥንት በቀስታ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይወጣ እንደሆነ ማየት ነው። ሁለቱም ምርመራዎች እስከ ዛሬ የሚሠራባቸው ናቸው። ማሽን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የለመደ እጅና የማታለቅስ ሕፃን ነው። ነገር ግን እቤት ውስጥ እናንተ እንድትሞክሩት አይደለም የምንነግራችሁ። በኃይል የተደረገ እንደሆነ ይጎዳል።

ይህ የእጅ ምርመራ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሆን ጡንቻው ይጠነክርና የወጣውም አጥንት እንደ ወጣ ይደርቃል፤ «ቀጭ» የሚለው ይጠፋል። የኛን ወግ በዚህ ላይ ብናነጻጽረው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። እንግዲህ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ እስከ ክርስትናዋ ድግስ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ዳሌዋ በቀላሉ የሚታወቅበትና በቀላሉ የሚድንበት ዋናው ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሙስሊሙ ወገናችን በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሲያወጣ ደግሞ ምርመራው ገና በደንብ የሚሠራበት ሰዓት ነው። በ45 ቀኗ ለክትባት ጤና ጣቢያ መሄዷ አይቀርም። ያን ቀን «እባክሽ እኅቴ፣ ዳሌዋንም እይልኝ» ብሎ መጠየቅ ምን ያስቸግራል? እኛ ድሬዎች እንደሆን አንቱታ አናበዛም፤ ደፍረን እንጠይቅ።

ከሦስት ወር በኋላ እናት ራሷ ልታያቸው የምትችላቸው ምልክቶች ይመጣሉ። የሽንት ጨርቅ ስትቀይሩ አንደኛው ጭን እንደ ሌላው አልከፈት ካለ፣ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ሁለቱን ጉልበቶች አጥፋችሁ ጎን ለጎን ስታቆሟቸው አንዱ ዝቅ ብሎ ከታየ፣ ያም እንደዚያው። የጭን እጥፋት አለመመሳሰል ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም፤ ደኅና ልጆችም ላይ ይታያል፤ ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ማሳየት ነው። ሁለቱም ዳሌ ከወጣ ደግሞ የሚያነጻጽሩት ነገር ስለማይኖር ይበልጥ ይደበቃል። በአልትራሳውንድ ሙያው ያለው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያየው ይችላል፤ አጥንቱ ለራጅ የሚታይ የሚሆነው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በመቀመጫዋ የመጣች ልጅ የእጅ ምርመራዋ ደኅና ቢሆንም በዚህ ዕድሜዋ አንድ ራጅ ብትነሣ መልካም ነው።

ካልተገኘች ትሄዳለች። ሰዎችን የሚያታልለው ይህ ነው። ብዙዎቹ እግር የሚተክሉት ከእኩዮቻቸው እምብዛም ሳይዘገዩ ነው። አንዱ እግር አጥሮ በጣቷ ትረግጣለች፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ትላለች፤ ሁለቱም ከሆነ ወገቧ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ እንደ ዳክዬ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትሄዳለች። የሚያሳዝነው ይህ አካሄድ ለሰው የሚያምር መስሎ መታየቱ ነው፤ ያስቃል፣ ያስጨበጭባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሰፈራችን የሆነውን፣ ቤተሰቡ ስለ ፈቀዱልን፣ ስም ሳንጠራ እንናገራለን። ልጅቱ የበኩር ናት፣ በመቀመጫዋ ነው የተወለደችው። በዓመት ከሦስት ወሯ ሄደች፤ ሆኖም ግራ እግሯን ታነክሳለች። እናትየዋ ተጨንቃ ለአያትየዋ ብትነግራቸው «አንቺ ልጅ፣ ምን ያስደነግጥሻል፤ እግር ስትጠና ይስተካከላል፤ አባትሽም በልጅነቱ እንዲህ ይል ነበር» አሏት። ጎረቤቱ ዓይን ነው አለ። ከዚያ ወጌሻ ተጠራ፤ ሦስት ጊዜ ሳባት። ልጅቱ ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው፤ ማንከሷ ግን እንዳለ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል በሳል ምክንያት ለሕክምና በሄደችበት ቀን አንዲት ነርስ በበሩ ስትገባ አካሄዷን አይታ ራጅ እንድትነሣ ላከቻት። የአጥንቱ ራስ ከቦታው ወጥቶ ከላይ ተቀምጦ ነበር።

ወጌሻዎቻችንን ለመዝለፍ አይደለም ይህን ያመጣነው። እድራችን ውስጥም አሉ፤ የወለምታ ነገር የሚያውቁ፣ ሌሊት ሲጠሩ የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ግን ይህ ወለምታ አይደለም። የጭኑ አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው በጣም ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች ነው። በኃይል ሲሳብና ሲጠመዘዝ ሥሮቹ ይታነቃሉ፤ ራሱም ደም አጥቶ ይሞታል፣ ይፈረካከሳል። ይህ ጉዳት በሐኪም እጅ እንኳ በኃይል ከተሠራ ይደርሳል፤ ሐኪሞቹም ይህንኑ ፈርተው ነው ቀስ የሚሉት። ስለዚህ ወንድሞቻችን ወጌሻዎች፣ ወድቆ ሳይጎዳ የሚያነክስ ሕፃን ሲመጣላችሁ ሳትነኩ ወደ ጤና ጣቢያ ብትልኩልን ትልቅ ውለታ ነው።

ማንከስ ሁሉ የዳሌ መውለቅ አለመሆኑንም መርሳት የለብንም። ታላላቆቻችን የሚያነክስ ልጅ ሲያዩ ፖሊዮ ትዝ ይላቸዋል፤ ትክክል ናቸው፣ በሶማሌ ክልል እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 እንኳ ታይቶ ነበር። ክትባቱን የምንወተውተው ለዚህ ነው። ቆልማማ እግር ሆኖ የሚወለድ አለ፤ እሱ ከውጭ ስለሚታይ አይደበቅም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ደኅና ይሄድ የነበረ ልጅ በድንገት ትኩሳት ይዞት እግሩን አላስነካ፣ አልረግጥ ያለ እንደሆነ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል፤ እሱ ለነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

ሕክምናውን በዕድሜ ከፍለን እንናገር። ከስድስት ወር በታች ከሆነች፣ አርኖልድ ፓቭሊክ የተባለ የቼክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያወጣው ማሰሪያ አለ። ትከሻ ላይ ማንገቻ፣ ደረት ላይ መቀነት፣ እግር ላይ ጠፍር ያለው ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች እግሩን በግድ ከፍተው በደረቅ ነገር ያስሩ ነበር፤ አጥንቱም ደም እያጣ ይጎዳ ነበር። የፓቭሊክ ብልሃቱ ልጅቱ እየተወራጨች፣ በራሷ እንቅስቃሴ አጥንቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ መተዉ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የሚይዘው ቅርጽ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ ቅርጽ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ድረስ ሌትና ቀን ይታሰራል፤ ከ10 ሕፃናት 8ቱ ያህል በዚሁ ይድናሉ። ቀላል ስለሚመስል እቤት ሰፍቶ ማሰር የሚያምረው ይኖራል፤ እንዳታደርጉት! ጠፍሩ ትንሽ ከጠበቀ ነርቭ ይጎዳል። በየሳምንቱ ሐኪም እያየ የሚያስተካክለው ነገር ነው። አንቀልባም ቢሆን የወጣውን ዳሌ አይመልስም፤ ጥቅሙ ለመከላከል ነው።

ስድስት ወር ካለፋት በማደንዘዣ ተኝታ አጥንቱ በእጅ ይመለስና ከደረቷ እስከ እግሯ ጀሶ ይደረግላታል። ጀሶው ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ዓመት ከመንፈቅ ካለፋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኦፕራሲዮን መክፈት፣ አንዳንዴም የዳሌውን አጥንት ቆርጦ ጣሪያ ማበጀት ያስፈልጋል። ያቺ የነገርናችሁ ልጅ የደረሰባት ይህ ነው።

ሦስት ወር በጀሶ ውስጥ፣ በኛ አገር ሙቀት! አስቡት። ያቺ እናት ሌሊቱን በሙሉ በካርቶን ስታራግብ እንዳደረች ነግራናለች። ስለዚህ ይህ ለሚደርስበት ቤት የሚጠቅም ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ጀሶ ውሃ አይነካውም፤ ገላዋ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ትንሿ የሽንት ጨርቅ በጀሶው ክፍተት ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ትልቋ ከላይ ትታሰራለች፤ ቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ተነሥቶ መቀየር ነው። አሳከካት ተብሎ እንጨት ወይም ሽቦ ወደ ውስጥ አይሰደድም፤ ቆዳው ይቆስልና ሳይታይ ይመረቅዛል። ዱቄትም አይነሰነስ። የእግሯን ጣቶች በየቀኑ እዩ፤ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ወይም ከጀሶው ውስጥ መጥፎ ሽታ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የሚኬድበት መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ የመልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ በሪፈር ድል ጮራ ሆስፒታል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም በልጆች አጥንት ሕክምና የታወቀ ነው። የጤና መድን ያላችሁ ደብተራችሁን አድሱ፣ ሪፈሩንም በየደረጃው ያዙ፤ ደረጃውን የዘለለ ሰው ኋላ በገንዘብ ይቸገራል።

ሕክምናው ቢገኝም ግን የሚገድለው መንገዱ ነው። አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሳፈሪያ አለ፣ ማደሪያ አለ፣ የሁለት ሰው ምግብ አለ፤ እናት ከልጇ ጋር ስትከርም ጉልቷ ይዘጋል፣ አባትም ከቀን ሥራው ይቀራል። ጀሶ ያላት ልጅ በአውቶቡስ አንድ ወንበር አይበቃትም። በቀጠሮው ልክ ደግሞ ይህ ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። የዚያች ልጅ አባት ፍየሎቹን ሸጠ፤ አልበቃውም። ወደ እድሩ ቢመጣ ደንባችን ገንዘብ የሚያወጣው ሞት ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ገንዘብ ያዡ ምንም ሊያደርጉለት አልቻሉም። በመጨረሻ ጎረቤት በየኪሱ አዋጥቶ ላከው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁለተኛው ቀጠሮ ያለፈውም በዚሁ በገንዘብ እጦት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ አለ። ከወርኃዊ መዋጮው ላይ መጠኑ በጉባኤው የሚወሰን ጥቂት ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የአባል ልጅ ከድል ጮራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍላት፣ ሪፈሩ ታይቶ፣ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ የሚሆን ብድር ያለ ወለድ ይሰጥ፤ በዓመት ተከፋፍሎ ይመለስ። ለዳሌ ብቻ አይደለም፤ ለልብም፣ ለዓይንም ይሁን። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «የሬሳ ገንዘብ አይነካም» እንደሚሉ እናውቃለን፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው፣ ሦስት ለቅሶ ባንድ ሳምንት የመጣበትን ዓመት እኛም አንረሳውም። የተለየ ሒሳብ ይከፈት የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ድንኳኑና ሳሕኑ፣ የቀብሩም ወጪ በነበረበት ይቆያል።

ከንግግራችን በኋላ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላይ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንድ አባት «ዛሬ ወጣቶቹ ልጅ በደረት ነው የሚያንጠለጥሉት፤ እሱስ?» ሲሉ ጠየቁ። ጭኑ ከሥሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ ተደግፎ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ከተከፈተ በደረትም በጀርባም አንድ ነው። እግሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚንጠለጠሉበት ዓይነት ማንገቻ ግን አይመከርም ብለን መለስን።

ቀጥሎ አንዲት እናት ተነሥታ «የኔዋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ተወልዳ ጀምሮ ታነክሳለች፤ እንግዲህ አለፈባት ማለት ነው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ኦፕራሲዮኑ ከባድ እየሆነ፣ ጥቅሙም እየቀነሰ መሄዱን አልደበቅናትም፤ በተለይ ሁለቱም ዳሌ የወጣ እንደሆነ ሐኪሞች መተዉን የሚመርጡበት ጊዜ አለ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን በስድስት ዓመትም የሚሠራላቸው ልጆች አሉ። ደግሞስ የምታነክሰው በዳሌ ይሁን በሌላ ምክንያት ሳይታይ ማን ያውቃል? ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ይዛት እንድትመጣ፣ የክትባት ካርዷንም እንዳትረሳ ነግረናታል።